አንዲት ሐምራዊ ነጥብ

ላይል ሆክስትራ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ጠመንጃ ሲሸጥ፣ ሲጠግንና ማነጣጠሪያ መነጽር ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። በዚያች የሞንታና ከተማ አደን የሚወጣ ሁሉ፣ ያው ከተማው በሙሉ ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ጎራ ይላል። የትኛው ጥይት ለየትኛው አውሬ፣ የትኛው ጫማ ለየትኛው በረዶ፣ አጋዘን በየትኛው ሸለቆ በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚወርድ ላይልን መጠየቅ ነው። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው እንኳ «አላውቅም» ማለት አይሆንለትም፤ አገጩን ያክና የሆነ ነገር ይላል። ደግሞ ወሬ ሲወድ! አንዴ ከጀመረ እጁ ላይ የያዘውን ነገር እንኳ ይረሳዋል። ጉዱም የመጣው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አይካድም፣ ሥራውን ያውቃል። መነጽር ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው የሩዝ ፍሬ በሚያካክሉ ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ይያዛሉ፣ ቀጥሎ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» በሚል ካቻቢቴ ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ራስ ላይ የሴቶች የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረጋል። ቀለሙ ሁለት ጥቅም አለው። ብሎኑ ቢዞር ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በላይ ያየው ሰው ሁሉ ብሎኑ መጥበቁን ያውቃል። ይህን ሕግ ሱቁ ውስጥ ያመጣው ራሱ ላይል ነው። «ነጥብ የሌለው ብሎን ያልጠበቀ ብሎን ነው!» እያለ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ አሰልችቷል።

ከነዚህ አንዷ ኬንድራ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አሥር ዓመት ተራራ ለተራራ አዳኞችን ስትመራ ቆይታ ጉልበቷን ሲያማት ሱቅ የገባች ሴት ናት። ነሐሴ ላይ ለአንድ ገበሬ ለጠመንጃው የማይሆን የጥይት ሳጥን በስህተት ሰጠችው፤ ሰውየው በማግስቱ መለሰው፤ ማንም አልተጎዳም። ላይል ግን ሱቁ ሙሉ ሰው ባለበት ሳጥኑን ከፍ አድርጎ፣ «እስቲ የጥይት ቁጥር ማንበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ጠቁሙን ጎበዝ!» አለና አሳቀባት። አልበቃ ብሎት ደረቱን መታ መታ አድርጎ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት! ከዚህ እጅ ወጥቶ የተመለሰ ጠመንጃ ካለ ባርኔጣዬን እበላለሁ» አለ። ኬንድራ ፊቷ ቀላ። ሳጥኑን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ኬንድራ የደረቀውን ቀይ የጥፍር ቀለም ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና አዲስ ገዝታ መጣች። ቀይ አጥታ ሐምራዊ ነበር ያመጣችው።

«ሐምራዊ?» አለ ላይል ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ምነው፣ ጠመንጃዎቹን ልንድራቸው ነው?»

«ብሎኑ ቀለም አይመርጥም» አለችው።

ላይል ስቆ ጠርሙሱን ከነላስቲክ ማሸጊያው የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አርዲስ ክቫንዴ የባላቸውን ጠመንጃ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ገቡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እንጨታቸውን ራሳቸው ይፈልጣሉ፣ ፒክአፓቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። በዚያ ዓመት ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሳቸው ነበር፤ የሙስ ዕጣ ወጥቶላቸዋል። ሙስ ከፈረስ የሚበልጥ፣ ቀንዱ አካፋ የሚያህል የአጋዘን ዘመድ ነው፤ እሱን ለማደን ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ስሙን ሲያስገባ ኖሮ ሳይወጣለት ይሞታል። ባላቸው መርል እንደዚያው ሆነው ነው የሞቱት። ወይዘሮ አርዲስ በአሥራ ዘጠነኛ ዓመታቸው ወጣላቸው።

«የመርልን ጠመንጃ ይዤ ነው የምወጣው» አሉ ብርድ ልብሱን እየፈቱ። «በሱ ስም እንዲሆን ብዬ። ግን ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ መነጽር ግጠምልኝ። ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«ዛሬውኑ ይዘውት ይሄዳሉ!» አለ ላይል። «ቁጭ ይበሉ፣ የኔ እመቤት። እኔ እያለሁ እርስዎ ምን አስጨነቅዎት?»

ብሎኖቹን በእጁ ያዝ ያዝ አድርጎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ቀጭ የሚለውን ካቻቢቴ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አየና፣ «ላይል፣ ይቺን አጋዘን እውነት አንተ ነህ የጣልካት ወይስ መኪና ገጭቷት አገኘሃት?» አለው። ይኼ ለላይል የወሬ ግብዣ ነው። ካቻቢቴውን በእጁ እንደያዘ ዞሮ ጀመረ፤ ነፋሱ፣ ገደሉ፣ በሆዱ መሳቡ፣ አንድ ሳይቀር። በካቻቢቴው ሸለቆውን እያሳየ፣ በካቻቢቴው እያነጣጠረ። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ወይዘሮ አርዲስ ሰዓታቸውን አዩ። «ላይል፣ ሳይመሽ መንገድ ልግባ።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! አለቀ'ኮ!» አለና ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ጠመንጃውን አንስቶ፣ በጀርባ በር ወጣ። ከሱቁ ጀርባ መቶ እርምጃ የሚሆን የተኩስ መሞከሪያ አለ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱም ወረቀቱ መሃል ተጠጋግተው አረፉ። በእጅ ብቻ የተያዘ ብሎን ለሦስት ጥይት ይበቃል። የወረቀቱን ኢላማ ነቅሎ ለወይዘሮ አርዲስ ሰጣቸውና፣ «ይኸው! ሙሱን ቀርበው ሰላም ማለት ብቻ ነው የቀረዎት» አላቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን እንደ ልጅ የፈተና ውጤት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ማክሰኞ ጠዋት ላይል የሌላ ሰው መነጽር ገጠመ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገና ለጥፍር ቀለሙ እጁን ሰደደ። ሐምራዊው ጠርሙስ እዚያው የተወው ቦታ ነው፣ ላስቲኩ አልተቀደደም። በጥፍሩ ላስቲኩን ሲልጥ እጁ ቆመ።

ቀዩን ቅዳሜ ቀን ኬንድራ ጥላዋለች። ሐምራዊው አሁን ነው የሚከፈተው። ታዲያ የወይዘሮ አርዲስን ብሎኖች በምን ቀለም ነው ነጥብ ያደረገባቸው?

ቅዳሜን ከአናቱ ጀምሮ አሰበው፤ መነጽሩን፣ ሰዎቹን፣ አጋዘኗን፣ ካቻቢቴውን። ካቻቢቴው በእጁ ሸለቆ ሲያሳይ እንጂ አንድም ቀጭ ሲል አላስታወሰም። ወይ ጉድ! ነጥብ የሌለው ብሎን ያልጠበቀ ብሎን ነው ብሎ ሰው ያሰለቸው ማን ሆነና? ሙሱ ያለበት ቦታ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ ሦስት ሰዓት ነው። ያ ፒክአፕ ሦስት ሰዓት ሲያርገፈግፈው በእጅ የተያዘ ብሎን ምን እንደሚሆን ከላይል የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ስልኩን አነሳ። የቀለለ ነገር ነው፤ «ወይዘሮ አርዲስ፣ ተሳስቻለሁ፣ ጠመንጃውን ልምጣና ላስተካክለው» ማለት ብቻ። ሁለት ቀን አለ። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

«ሃሎ?»

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ላይል ነኝ፣ ከሱቁ።»

«ውይ፣ ላይል! ምነው በደህና?»

«ደህና፣ ደህና። እንዲያው... ጠመንጃውን ከወሰዱት ወዲህ ተኩሰውበታል?»

«ኧረ እኔ! ትከሻዬን ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ወዲህ አንዷን ጥይት ስተኩስ ለሳምንት ነው የምታመመው። ደግሞስ ምኑን ልሞክር? አንተ ሞክረኸው የለ እንዴ! ወረቀቱን ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ነው የማየው።»

ላይል አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ኬንድራ ካርቶን ተሸክማ ገባችና ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ጫማ መደርደር ጀመረች። ባንኮኒው ላይ የተደገፉ ሁለት ደንበኞችም ነበሩ። ባርኔጣው ራሱ ላይ ነው፤ እበላዋለሁ ያለው ባርኔጣ።

«ላይል? ችግር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም!» አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። «መልካም አደን ልልዎት ብዬ ነው የደወልኩት።»



«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮ አርዲስ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሏል። «እውነቴን ነው። መርል ከሞተ ወዲህ አደን ስወጣ በደህና ግቢ ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም። አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ላይል ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ይግል ነበር። ከሰዓት እንደገና እደውላለሁ አለ። ከሰዓት ሰው በዛ። ረቡዕ እደውላለሁ አለ። ረቡዕ ደግሞ፣ «አሁን ብደውል ትናንት ለምን አልተናገርክም ይሉኛል» አለ። ሐሙስ ጠዋት ሄደዋል፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ራሱን የሚያታልልበት ነገር ነው። ሦስት ጥይት የቻለ አራተኛዋን አይችልም? ምናልባት ጠብቄው ይሆናል፣ ቀለሙን ብቻ ረስቼ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን ከረመ። የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ቀና እያለ።

በአሥረኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወይዘሮ አርዲስ መጡ። በአንድ እጃቸው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ጠመንጃ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዘዋል። ጎንበስ ብለው ነው የገቡት፤ ላይል እኚህን ሴትዮ ጎንበስ ብለው አይቷቸው አያውቅም። ሱቁ ውስጥ ኬንድራ ብቻ ነበረች።

«መሸጥ ፈልጌ ነው» አሉ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ እያጋደሙ። «የሚሸጡ የሰው ጠመንጃዎች የምታስቀምጡበት መደርደሪያ አለ አይደል? እዚያ አድርጉልኝ።»

«የመርልን?» አለች ኬንድራ። «ምነው ወይዘሮ አርዲስ፣ ምን ሆኑ?»

ሴትዮዋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙት። «አቆሰልኩት» አሉ። «ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። በጎኑ ቆሟል፣ አኻያ ዛፉ መሃል፣ ጀርባው ላይ ውርጭ ይታየኛል። ተደግፌ ነው የተኮስኩት። ትንፋሼን ይዤ። ከኋላ ሆዱን መታሁት። ሆዱን! ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ከወንድሜ ልጅ ጋር ሁለት ቀን ደሙን ተከተልን። ረግረጉ ውስጥ ገባና በረዶ ጣለ። ጠፋ። እዚያው የሆነ ቦታ ሲሰቃይ ሰንብቶ ነው የሚሞተው።»

ላይል ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ እንጨቱን ያይ ነበር።

«ፈቃዱን ቆረጥኩት» አሉ። ፈቃዱ አውሬው ሲገደል ጠርዙ በቢላ የሚቆረጥ ወረቀት ነው፤ ከተቆረጠ ዓመቱ አለቀ። «የወንድሜ ልጅ፣ 'አክስቴ፣ ማንም አላየሽ፣ እስከ ኅዳር ጊዜ አለ፣ ሌላ ፈልጊ' አለኝ። እኔ አይቻለሁ አልኩት። አንድ ሙስ ነው የተፈቀደልኝ፣ አንድ ሙስ ገድያለሁ።»

ዕጣው የወጣለት ሰው ደግሞ ሰባት ዓመት ስም ማስገባት አይችልም። ሰባ አራትና ሰባት ስንት እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ያውቁታል።

ኬንድራ ብርድ ልብሱን መፍታት ጀመረች። «እስቲ ጠመንጃውን ልየው፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ...»

«ስጪኝ!» አለ ላይል። በጣም ነው የጮኸው። «እኔ... እኔ አየዋለሁ። ለሽያጭ ማጽዳት አለብኝ።»

«ጠመንጃውማ ምንም የለበትም» አሉ ወይዘሮ አርዲስ። ከቦርሳቸው ያንን ወረቀት አወጡ፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች፣ ጥጉ ላይ የማቀዝቀዣ ማግኔት ያተመበት ክብ። «ይኸው ማስረጃው። ላይል ራሱ ነው የተኮሰው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የዚህ ዓይን።»

ላይል ጠመንጃውን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ። በሩን በተረከዙ ገፋ አደረገው፤ ሙሉ አልተዘጋም። መነጽሩን በአውራ ጣቱ ሲነካው ዞረ፤ እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ጠረጴዛውን ያዘ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚሉት ነገር ወሬ ይመስለው ነበር፤ እውነት ኖሯል።

ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴው አለ። ሐምራዊው ጠርሙስም አለ። ይኼን መቼም ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ያፈረ ሰው የማይሠራው ነገር የለም። ካቻቢቴውን አነሳ። የመጀመሪያውን ብሎን አጠበቀ፤ ቀጭ አለ። ጠርሙሱን ከፍቶ ነጥብ ጠብ አደረገበት። ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው ሁሉም ብሎን ነጥብ ይኖረዋል፤ ጠመንጃው ደህና፣ ወረቀቱ ደህና፣ ላይል ደህና፣ ጥፋተኛዋ አንዲት አሮጊት። ወደ ሁለተኛው ብሎን ዞረ።

ከወዲያ የወይዘሮ አርዲስ ድምፅ ይሰማል። ለኬንድራ ነው የሚያወሩት።

«ለልጄ ነግሬያታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ፒክአፑን ትወስደዋለች። በሰማንያ እርምጃ ሙስ ማየት ያቃተው ዓይን መንገድ ላይ የሰው ልጅ ቢገጭስ? ቤቱንም ቢሆን... እሷ ከተማ አንድ ክፍል አላት። መኪና ከሌለኝ እዚያ ጫካ ምን እሠራለሁ? ብቻዬን እችላለሁ ስል ነበር፣ አልችልም ማለት ነው። ሰው ሲያረጅ ማመን አለበት።»

«የዓይን ሐኪም አይተዋል?» አለች ኬንድራ።

«ምን ሐኪም ያስፈልጋል? ሙሱ ነገረኝ'ኮ።»

የላይል እጅ ሁለተኛው ብሎን ላይ ቆመ። ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ደግሞ አነሳው። ደግሞ አስቀመጠው። ከዚያ ጠመንጃውን ብቻ ይዞ ወጣና ባንኮኒው ላይ አጋደመው፤ አንድ ሐምራዊ ነጥብ፣ ገና እርጥብ፣ ሌሎቹ ብሎኖች ራቁታቸውን።

ኬንድራ አየችው። ነጥቡን አየች፣ ላይልን አየች። ገባት። ነሐሴ ላይ የደረሰባትን ለመመለስ ከዚያ የተሻለ ቀን አታገኝም ነበር፤ ግን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትስቅበት ይሻለው ነበር።

«ወይዘሮ አርዲስ» አለ ላይል። «መነጽሩን ይንኩት።»

«ምን ብዬ?»

«ይንኩት።»

ነኩት። መነጽሩ በጣታቸው ሥር ነቅነቅ አለ። ሴትዮዋ እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡት።

«ዓይንዎ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ብሎኖቹን አላጠበቅኳቸውም። ያን ዕለት ወሬ ይዤ ረሳሁት። በእጅ ብቻ ነው የያዝኩት። እዚህ ሲተኮስ ቻለ፣ መንገዱ አላላው። እርስዎ ያነጣጠሩበት ቦታና ጥይቱ የሄደበት ቦታ የተለያየ ነው። ይኼን አንዱን ደግሞ አሁን ጓዳ ገብቼ ነው ያጠበቅኩት። ልደብቅዎት ነበር።»

ወይዘሮ አርዲስ ለረዥም ጊዜ ጠመንጃውን አዩት። ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ወገባቸውም አብሮ ቀና አለ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም፣ እፎይታ ነበር። «ዓይኔ አይደለም» አሉ ለራሳቸው። «እንዲያውም የአኻያው ቅጠል እንኳ ይታየኝ ነበር።»

ላይል ያ እፎይታ ትንሽ እንዲቆይ ፈለገ። አልቆየም።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አሉት።

ይኼን ጥያቄ ነው የፈራው። ዛሬ ነው ማለት ይችላል፤ አሁን ጓዳ ስገባ ነው ማለት ይችላል። ኬንድራ እንኳ አታውቅም።

«ማክሰኞ» አለ።

«የትኛው ማክሰኞ?»

«ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀርዎት።»

ወይዘሮ አርዲስ ቀኖቹን በልባቸው ቆጠሩ። ግንባራቸው ተሸበሸበ። «ማክሰኞ'ኮ ደውለህልኛል» አሉ። «ቤት ነበርኩ። ማክሰኞ ነው የደወልክልኝ።»

«አዎ።»

«መልካም አደን ያልከኝ ቀን?»

«ልነግርዎት ነበር የደወልኩት። አፈርኩ። ሰው ነበር... አፈርኩ።»

«ከወንድሜ ልጅ ጋር በእሳቱ ዙሪያ ቁጭ ብለን ላይል ደወለልኝ እያልኩ አወራሁለት'ኮ» አሉ። ጮክ አላሉም። «ለልጄም ነገርኳት። ጎረቤቶቼም ያውቃሉ።»

ላይል አንገቱን ደፋ። ይቅርታ የምትለው ቃል አፉ ውስጥ ነበረች፤ ግን በጣም ትንሽ ነገር መሰለችው፣ ለማውጣትም አፈረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ባንኮኒው ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌው ጠረገው።

ወይዘሮ አርዲስ ወደ ኬንድራ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ማጥበቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚሁ ፊቴ አጥብቂልኝ። አንተ ያዝላት።»

ላይል ሰደፉንና አፈሙዙን ይዞ ቆመ። ኬንድራ ካቻቢቴውን አመጣች፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ወይዘሮ አርዲስ ጮክ ብለው ቆጠሩ፣ እንደ መምህር። ነጥቦቹ ሁሉ ሐምራዊ ሆኑ። ከዚያ ራሳቸው በጀርባ በር ወጡ። ሦስት ተኩስ ተሰማ፤ በመሃሉ ረዥም ረዥም ዕረፍት ነበረው፤ ትከሻቸው ነው። ሲመለሱ ጠመንጃውን በግራ ትከሻቸው አንግተው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራው አቅፈው፣ ወረቀቱን በጥርሳቸው ይዘው ነበር። ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ።

«አልሸጠውም» አሉ። «ለልጄም ፒክአፑን ተይው እላታለሁ።»

«የፈለጉትን ላድርግ» አለ ላይል። «ረግረጉ ድረስ ሄጄ...»

«ምን ልታደርግ? ሳምንት አለፈው'ኮ።»

ጠመንጃውን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው አቀፉት። የወረቀት ከረጢቱ ባንኮኒው ላይ እንዳለ ነው፤ ላይል አሁን ነው ያየው። በአፉ በኩል የመስታወት ብልቃጥ ይታያል፤ የጨለመ ቀይ ማርማላታ፣ ከዱር ቼሪ የሚሠራው፣ ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ላይል» ተብሎ ተጽፎበታል። ከረጢቱን ገፋ አደረገላቸው።

«ይኼን ይውሰዱት። አይገባኝም።»

ወይዘሮ አርዲስ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፍተው ነበር፤ ያው በሚያማቸው ትከሻ። ዞር ብለው ብልቃጡን አዩት፣ እሱን አዩት።

«ለደወለልኝ ሰው ነው የሠራሁት» አሉ። «ካገኘኸው ስጥልኝ።»

በሩ ተዘጋ። ላይል በመስኮቱ አያቸው፤ ጠመንጃውን ከፒክአፑ መቀመጫ ጀርባ አኖሩ፣ ገቡ፣ ሞተሩን አስነሱ። ወደ ዋናው መንገድ ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ደግመው ግራውን አዩ። ከዚያ ራሳቸው እየነዱ ሄዱ።